ሕፃንን ስለ መመገብ ያለው ልማድ፤ ከቅቤ መዋጥ እስከ ጡት መጣል

በሰሜኑና በመካከለኛው የኢትዮጵያ ደጋ በሚኖረው በአማራው ሕዝብ ልማድ፣ ሕፃን ሲወለድ ከእናቱ ጡት አስቀድሞ ወደ አፉ የሚገባው ነገር ብዙውን ጊዜ ቅቤ ነበር፤ በየገጠሩም ይህ ልማድ ገና ፈጽሞ አልጠፋም። አዋላጂቱ እትብቱን ከቈረጠችና ገላውን ካጠበች በኋላ፣ ጨው ያልነካውን ለጋ ቅቤ በጣቷ ጫፍ ጥቂት ቈንጥራ በሕፃኑ ምላስ ላይ ታኖረዋለች፤ ሕፃኑም እየላሰ ይውጠዋል። ይህም ቅቤ ማስዋጥ ይባላል። ምክንያቱ ሲጠየቅ ሴቶቹ የሚሰጡት መልስ በየቦታው ይለያያል። አንዳንዶቹ ጉሮሮውን ያለሰልስለታል ይላሉ፤ አንዳንዶቹ በማኅፀን ሳለ በሆዱ የተጠራቀመውን እድፍ ይጠርግለታል ይላሉ፤ ሌሎችም የእናቱ ወተት እስኪወርድ ድረስ እንዳይርበው ነው ይላሉ። ከነዚህ መልሶች ሁሉ በስተኋላ ግን አንድ ሌላ አሳብ ያለ ይመስላል። ቅቤ በገበሬው ቤት ከሚገኘው ምግብ ሁሉ የከበረው ነው፤ ሙሽራ ሲዳር፣ እንግዳ ሲከበር፣ ራስ ሲታመም የሚወጣው እሱ ነው። ወደዚህ ዓለም አዲስ ለመጣው እንግዳም ከሁሉ አስቀድሞ ቅቤ መስጠት፣ ቤቱ ያለውን ደኅና ነገር አቅርቦ የመቀበል ምልክት ነው።

ይህ በክብር የተሰጠ ስጦታ ዛሬ በሕግ የሚያስጠይቅ ሆኗል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በ561ኛው አንቀጽ፣ አራስ ልጅን ቅቤ ማስዋጥን በእትብት ላይ እበትና ይህን የመሰለ ነገር ከማድረግና ሕፃኑን ከፀሐይ ከመከልከል ጋራ አንድ ላይ ቈጥሮ፣ ለሕፃኑ ሞት ምክንያት በሆነ ጊዜ የሚያስቀጣ ጎጂ ልማድ ብሎታል። ለብዙ አያቶች ይህ እንግዳ ነገር ነው፤ ቅቤና እበት እንዴት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠራሉ ቢሉም አይፈረድባቸውም። ሐኪሞች የሚሰጡት ምክንያት ግን ግልጽ ነው። ገና በተወለደ ልጅ ጉሮሮ ውስጥ ቅቤ ሲገባ መንገዱን ስቶ ወደ ሳንባው ሊወርድ ይችላል፤ በጣትና በዕቃ ላይ ያለው ተሐዋሲ ምንም መከላከያ ወደሌለው አንጀት ይገባል፤ ሕፃኑም አፉ በቅባት ስለ ተሞላ ጡት ለመያዝ ይዘገያል። በመጀመሪያዋ ሰዓት ውስጥ ጡት ያልያዘ ልጅ ደግሞ ከቅቤ የሚበልጥ ነገር ያመልጠዋል።

የሚያመልጠውም እንገር ነው። እንገር ማለት ከወሊድ በኋላ መጀመሪያ የሚወርደው ወፍራምና ቢጫነት ያለው ወተት ሲሆን፣ ቃሉ ለላምም ለሰውም ይነገራል። የሚያስደንቀው ግን በሁለቱ ላይ ያለው አስተያየት እጅግ የተለያየ መሆኑ ነው። የላም እንገር በቤት ውስጥ እንደ ብርቅ የሚታይ ነው፤ የተረፈውን አብስለው ይበሉታል። ጥጃው ግን አስቀድሞ እንዲጠባ ይደረጋል፤ እንገር ያላገኘ ጥጃ እንደሚጫጫ፣ ብዙ ጊዜም እንደማይተርፍ ከብት የሚያረባ ሰው አይስተውም። የሴት እንገር ግን ዘጠኝ ወር ሙሉ በጡት ውስጥ ያደረ፣ የቈሸሸና ሆድ የሚያሳምም ነው ተብሎ ስለሚታሰብ፣ በብዙ ቦታ ነጩ ወተት እስኪመጣ ድረስ እየታለበ መሬት ላይ ይፈስ ነበር። እረኛው ለጥጃው የሚያውቀውን ነገር ሚስቱ ለልጇ አለማወቋ የእውቀት ማነስ ነው ለማለት ያስቸግራል። የከብቱ ነገር የበረት ነው፤ በዓይን እየታየ ይፈረዳል። የልጁ ነገር ግን የአራስ ቤት ነው፤ የአራስ ቤት ሕግ የሚወረሰው ከእናትና ከአማት እንጂ ከበረት አይደለም። እንገር ሕፃኑን ከበሽታ የሚጠብቅ ኀይል ያለበት መሆኑን፣ ሆዱንም ቅቤው ይጠርገዋል ከተባለው በተሻለ የሚጠርገው እሱ መሆኑን የጤና ሠራተኞች ሲያስረዱ፣ ከሁሉ ይልቅ ለሰሚው የሚገባው የጥጃው ምሳሌ ነው።

ስለ እናቲቱ ግን ልማዱ የሚያሳፍር አይደለም። አራስ በአማራው ቤት እንደ ንግሥት ናት ቢባል ብዙ አልተጋነነም። ምጡ እንዳለፈ ጎረቤቶች ተሰብስበው ገንፎ ያገነፋሉ፤ መካከሉን ጐድጕደው ቅቤና በርበሬ ያፈሱበትና «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያሉ በአንድነት ይበሉታል። ከዚያ በኋላ ልጁ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ፣ ይኸውም ለወንድ 40 ቀን ለሴት 80 ቀን፣ አራሷ ከባድ ሥራ አትነካም፤ ብቻዋንም አትተውም፤ ክፉ ነገር እንዳይቀርባት ቢላዋ ወይም ሌላ ብረት ከራስጌዋ ይደረጋል። ምግቧ ገንፎ፣ ከአጃ ወይም ከገብስ የተሠራ አጥሚት፣ የአብሽና የተልባ መጠጥ፣ አቅም ባለው ቤትም በግ ታርዶ ሥጋና መረቅ ነው። ጾም ቢሆን እንኳ አራስ ስለሆነች ትበላለች። አብሽ ወተት ያወርዳል የሚለው እምነት እጅግ የጸና ነው። ወተት የሚያወርደው አብሹ ይሁን ዕረፍቱ፣ ወይም ደግሞ ሕፃኑ ቀንና ሌሊት መጥባቱ፣ ይህን ለይቶ መናገር አያስፈልግም፤ ሦስቱም በአንድ ቤት ውስጥ ይገኛሉና። ለድኻይቱ ሴት በሕይወቷ ሙሉ ሳትሠራ የምትበላበት ጊዜ ይህ ብቻ ነው። ከልማዱ ሁሉ ሳይነካ ሊጠበቅ የሚገባው ቢኖር ይህ የአራስ ቤት ሥርዓት ነው።

ጡት ማጥባትም እንዲሁ በሰፊው የተመሠረተ ነው። ሕፃኑ ቀን በአንቀልባ ከእናቱ ጀርባ አይለይም፤ ሌሊት በጐኗ ያድራል፤ ባለቀሰ ጊዜ ሁሉ ጡት ይሰጠዋል እንጂ በሰዓት አይለካም። ከቤት ውጭ ስታጠባ በነጠላዋ ትሸፍነዋለች፤ ይህም ለኀፍረት ሳይሆን ከቡዳ ዓይን ለመጠበቅ ነው፤ ወዙ ያማረ፣ የወፈረ ልጅ ደግሞ ይበልጥ ለዓይን የተጋለጠ ነው ይባላል። ጡት በዚህ ሕዝብ ዘንድ ምግብ ብቻ አይደለም። ዝምድናም ነው። ጥንት ጠባቂ የሚሻ ሰው ከኀይለኛ ሰው ጋራ የጡት አባትና የጡት ልጅ ይሆን የነበረው፣ ማር በተቀባ ጡት ወይም አውራ ጣት ላይ አፉን በማድረግ ነበር። ውለታ የካደውን ሰውም ጡት ነካሽ ይሉታል። እናቶች የሚያጠቡበት ዘመን ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ይደርሳል፤ በ2008 ዓ.ም. በአገሪቱ የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መካከለኛው ልክ 24 ወር ያህል መሆኑን አሳይቷል። ብዙ የበለጸጉ አገሮች ይህን ለማስመለስ ገንዘብ የሚያወጡበት ነገር እዚህ ያለ ትምህርት ይገኛል። ጉድለቱ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ከጡቱ ጋራ የሚደባለቀው ነው፤ ሆዱን ነፋው ሲባል ጤና አዳም የተነከረበት ውሃ፣ ጠማው ሲባል የአብሽ ውሃ፣ በከተማም የላም ወተት በጡጦ። የእናት ወተት ውሃውንም በውስጡ የያዘ ስለሆነ፣ በደረቁ በጋ እንኳ እስከ ስድስት ወር ድረስ ለጥም ሌላ ነገር አያስፈልግም፤ በጡጦው ጫፍ ላይ የሚያድረው እድፍ ግን ለተቅማጥ በር ይከፍታል።

እስከዚህ ድረስ ልማዱ ሕፃኑን ተሸክሞታል። የሚጥለው ከስድስተኛው ወር በኋላ ነው።

ለቅቤው፣ ለገንፎውና ለክርስትናው የታወቀ ሥርዓት አለ፤ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ግን የሚያስታውስ ድግስ የለም። ሕፃኑ መቀመጥ ሲጀምርና ወደ መሶቡ እጁን ሲዘረጋ ምግብ እንደ ፈለገ ይታወቃል፤ ዳሩ ግን ምን እንደሚሰጠው የሚናገር ሕግ ስለሌለ የሚሰጠው ያው የተገኘው ነው። ይህም አብዛኛውን ጊዜ አጥሚት ነው። አጥሚት ለአራስ ሲሠራ ቅቤ፣ ማርና ወተት ይገባበታል፤ ለልጁ ሲሠራ ግን በብዙ ቤት ዱቄትና ውሃ፣ ቢበዛ ጥቂት ስኳር ነው። የሚቀጥነውም ልጁ በቀላሉ እንዲጠጣው ተብሎ ነው። የስምንት ወር ልጅ ሆድ ከአንድ ኩባያ ብዙም የማይበልጥ ስለሚይዝ፣ በውሃ ተሞልቶ ጠገበ ይባላል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያለቅሳል፤ ጡት ይሰጠዋል። በዚሁ ጊዜ ደግሞ ከእናቱ ማኅፀን ይዞት የመጣው የብረት ንጥረ ነገር እያለቀ ነው፤ የእናት ወተት ብቻውን ያን አይተካም። ከአጥሚቱ ሌላ በአልጫ ወጥ የታሸ የእንጀራ ፍትፍት፣ ቅንጬ፣ ቂጣ ይሰጠዋል፤ ጥርስ ሳያወጣ እናቱ ወይም አያቱ አላምጠው የሚያጐርሱበትም ቦታ አለ። እናቲቱ ውሃ ልትቀዳ ወይም እንጨት ልትለቅም ስትሄድ ልጁን የምታዝለውና የምታበላው ስድስት ሰባት ዓመት የሆናት እኅቱ ናት፤ እሷም ራሷ ገና ልጅ ናት፤ ለእሱ ከተቀመጠው ላይ ብትቀምስለት አይደንቅም።

የዚህ ጉድለት መድኀኒት ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። ጠላ በሚጠመቅበት ቤት ሁሉ ብቅል አለ። ገብሱ ተዘፍዝፎ፣ በቅጠል ተሸፍኖ ከበቀለ በኋላ ሲደርቅና ሲፈጭ፣ በመብቀሉ ጊዜ በእህሉ ውስጥ የተፈጠረው ነገር የገንፎን ውፍረት የሚበትን ኀይል አለው። ገንፎው በደንብ ወፍሮ ከተገነፋ በኋላ ከእሳት ወጣ አድርጎ ጥቂት የብቅል ዱቄት ቢጨመርበትና ቢማሰል፣ ማንኪያ የሚያቆመው ገንፎ ዱቄቱ ሳይቀነስ እንደ አጥሚት ይላላል፤ እንደገና አንድ ጊዜ አፍልቶ መስጠት ነው። በአንዱ ኩባያ ውስጥ የሚገባው እህል በዚህ መንገድ እጅግ ይበዛል። ጠላ ጠማቂዋ በእንስራዋ ውስጥ ይህን ኀይል ሁልጊዜ ትሠራበታለች፤ ለልጇ አጥሚት ግን አልተጠቀመችበትም። እንደዚሁም የጤፉን ወይም የገብሱን ዱቄት ተቈልቶ ከተፈጨ ሽምብራ፣ ምስር ወይም ባቄላ ጋራ መመጠን፣ አንዱ የጐደለውን ሌላው እንዲሞላለት ያደርጋል። በእንሰት አገር፣ በጉራጌና በአካባቢው፣ ለአራስ የሚከበረው የቡላ ገንፎ ይበልጥ ይህን ይሻል፤ ቡላ ኀይል ይሰጣል እንጂ ገላ የሚገነባው ነገር በውስጡ ጥቂት ነውና።

ይህ አሳብ በመንግሥት ደረጃ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1962 በስዊድን እርዳታ የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል በአዲስ አበባ በተቋቋመ ጊዜ ነበር፤ ክፍሉም እ.ኤ.አ. በ1968 የኢትዮጵያ የሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ። ከዚያ የወጣው በጣም የታወቀው ሥራ ፋፋ ነው። እህልን፣ ጥራጥሬንና የወተት ዱቄትን አዋሕዶ፣ ቪታሚንና ማዕድን ጨምሮ የተዘጋጀ የልጆች ዱቄት ሲሆን፣ «ልጁ ፋፋ» ከሚለው ንግግር የተወሰደው ስሙ ለማንም እናት ትርጕም አላስፈለገውም። ፋፋ ከስድሳ ዓመት ገደማ በኋላ ዛሬም በከተማ ሱቆች ይገኛል፤ ከገበያ ርቆ ለሚኖረው ገበሬ ግን ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር ነው።

ስለ ገንዘብ ከተነሣ የዕንቁላሉ ነገር ሊታለፍ አይችልም። ዶሮ በገጠር ቤት የሴቲቱ ሀብት ነው፤ ዕንቁላሉም እየተጠራቀመ ገበያ ይወጣና በጨው፣ በሳሙና፣ በልጆች ደብተር ይለወጣል። ወተቱም ይናጥና ቅቤው ለገበያ ይቀመጣል፤ ዋጋው በበዓላት ዋዜማ ይወደዳልና። እንግዲህ ለተወለደ ዕለት ቅቤ የተሰጠው ልጅ፣ ዓመት ሳይሞላው ቅቤው በፊቱ አልፎ ሲሸጥ ያያል። ይህን እንደ ጭካኔ መቍጠር ስሕተት ነው። ዕንቁላሉን የሚበላው አንድ ልጅ ነው፤ ጨውን የሚበላው ቤተ ሰቡ ሁሉ ነው፤ የእናቲቱም ሒሳብ በዚህ የተመሠረተ ነው። ከዚህም በላይ የሕፃን ሆድ ዕንቁላልና ሥጋ አይችልም የሚለው እምነት ሒሳቡን ያቃልልላታል። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለው ተረት ደግሞ የቀረውን ይዘጋዋል። ውጤቱ ግን በቍጥር ይታያል። ከላይ በተጠቀሰው የ2008 ዓ.ም. ጥናት ከ6 እስከ 23 ወር ከሆናቸው ሕፃናት መካከል በዓይነቱም በጊዜውም የሚበቃ ምግብ የሚመገቡት ከ100 7 ብቻ ነበሩ። ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ልጆች ደግሞ ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት ያላገኙት ከ100 38 ነበሩ። በ1992 ዓ.ም. ይኸው ቍጥር 58 እንደነበረ ሲታሰብ መሻሻሉ ትልቅ ነው፤ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች ቤት ለቤት መዞራቸውም በዚህ ድርሻ አለው።

ልጁ ሲታመም የሚደረገውን በአጭሩ መናገር ይበቃል። ጡት እንቢ ካለ፣ ካስመለሰው ወይም ካስቀመጠው ምክንያቱ እንጥሉ መውረዱ ወይም ግግ ማብቀሉ ነው ተብሎ እንጥሉ ይቈረጥ፣ ገና ያልወጣው ጥርሱ ከድዱ ተፈልቅቆ ይነቀል ነበር፤ ይህም በአንዳንድ ቦታ እስካሁን አለ። ቀድሞውንም ያልበላ ልጅ አፉ ከቈሰለ በኋላ እንዴት ይበላል? ተቅማጥ ሲይዘውም ምግብ ይከለከላል፤ የሚያስፈልገው ግን የዚህ ተቃራኒ፣ ጡቱንም ምግቡንም ማብዛት ነው።

ጡት ማስጣል ከሁሉ የሚያሳዝነው ምዕራፍ ነው። እናቲቱ ሌላ ልጅ ካረገዘች ወተቷ ለሚጠባው ልጅ መርዝ ይሆናል ተብሎ ስለሚታመን፣ ብዙ ጊዜ ጡት የሚጣለው ቀስ በቀስ ሳይሆን በአንድ ቀን ነው። ጡቷ ላይ እሬት ትቀባለች። ልጁ እንደ ልማዱ ሮጦ መጥቶ ይይዘዋል፤ ይመርረዋል፤ እናቱን ቀና ብሎ ያያታል። እንደገና ይሞክራል፤ እንደገና ይመርረዋል። በዚህ ካልተወ ወደ አያቱ ቤት ይላካል፤ አያት ያሳደገው ልጅ ቅምጥል ይሆናል የሚባለውም ከፊሉ ከዚህ የመጣ ሳይሆን አይቀርም፤ አያቲቱ ጡት ስለሌላት በሌላ ነገር ሁሉ ታባብለዋለችና። በእርግጥም አያት ያላት አንዲት ላም ብትኖር ልጁ ዕድለኛ ነው። አያት የሌለው ግን ከታላላቆቹ ጋራ በአንድ መሶብ ይቀርባል፤ በርበሬ ያለበትን ወጥ ይፈራል፤ በእጁ ፍጥነትም ከእነርሱ አይወዳደርም። ከጡት ከወጣ ከጥቂት ወራት በኋላ ጠጕሩ የሚሳሳና የሚገረጣ፣ እግሩና ፊቱ የሚያብጥ፣ መጫወት የሚጠላ ልጅ በየጤና ጣቢያው የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። የነፍሰ ጡር ወተት መርዝ አለመሆኑን ሐኪሞች አጥብቀው ይናገራሉ፤ ደኅና ምግብ የምታገኝ እናት እርጉዝ ሆናም ልታጠባ ትችላለች።

የቀረው የጾም ነገር ነው፤ ከሁሉ የሚከብደውም እሱ ነው።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ምእመናን በዓመት ውስጥ 180 ያህል ቀናት ይጾማሉ፤ በነዚህም ቀናት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና ዕንቁላል አይበላም። ሕፃን ግን ሰባት ዓመት እስኪሞላው ድረስ የጾም ግዴታ የለበትም፤ ይህን የማያውቅ ሰው የለም። የነሐሴን የፍልሰታ ጾም ልጆች በደስታ የሚጾሙት እንኳ ሰባት ዓመት እየሞላቸው ሲሄዱ ነው። እንግዲህ በሕጉ ሲታይ በጾም ቀን ለሕፃን ወተት ወይም ዕንቁላል የሚከለክል ነገር የለም። ልጁን የሚያስጾመው ሕጉ ሳይሆን ድስቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጾም መግቢያ ሴቲቱ ዕቃዋን ሁሉ ታጥባለች፤ ድስቱ፣ ማማሰያው፣ ጭልፋው ከፍስክ ነገር ይነጻል። ከዚያ በኋላ በዚያው ድስት ዕንቁላል ቢበስልበት ወይም ወተት ቢፈላበት ዕቃው ይነካካል፤ በሱ የሚሠራው የቤተ ሰቡ ወጥም ጾም የሚያስፈታ ይሆናል። እናቲቱ ራሷ ጨውን ልትቀምስ አትችልም፤ እጇን የነካውንም ትጠራጠራለች፤ የቅቤው ሽታ ከቤቷ ሲወጣ ጎረቤት ምን ይላል የሚለውም ቀላል ነገር አይደለም። ሁለትና ሦስት ድስት ባለበት ቤት አንዱን መለየት ይቻላል። አንድ ድስት ብቻ ባለበት ቤት ግን ወይ ልጁ ይጾማል፣ ወይ ቤቱ ሁሉ ይገድፋል፤ ቤቱ ሁሉ እንደማይገድፍ የታወቀ ነው።

የቀኑ ቍጥር ሲሰላ ይህ ምን ያህል እንደሚመዝን ይታያል። በግንቦት አጋማሽ የተወለደ ሕፃን ስድስት ወር የሚሞላው ኅዳር 15 ቀን አካባቢ፣ ልክ ጾመ ነቢያት በሚገባበት ጊዜ ነው። ይህ ጾም 43 ቀን ነው። ቀጥሎ የነነዌ 3 ቀን፣ ከዚያም 55 ቀን ሁዳዴ ይመጣል። በነዚህ መካከል ያለው ረቡዕና ዓርብ ሲጨመር፣ ፋሲካ በሚያዝያ አጋማሽ በሚውልበት ዓመት፣ ሁሉንም በሚጾም ቤት ከኅዳር 15 እስከ ፋሲካ ካሉት 150 ያህል ቀናት 110 የሚበልጡት የጾም ቀኖች ናቸው። ይህ ልጅ ምግብ በጀመረባቸው አምስት ወራት፣ ማለት ሰውነቱም አእምሮውም እጅግ በሚያድግበት ጊዜ፣ ወተትና ዕንቁላል የሚያገኝባቸው ቀኖች ጥቂት ናቸው። ታላቅ ወንድሙ በመስከረም ተወልዶ እንደ ሆነ ምግብ የጀመረው ከፋሲካ በፊት ወይም ከፋሲካ ጋራ፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት በበዓለ ኀምሳ አቅራቢያ ነው። የሁለቱ ልጆች ዕድል በተወለዱበት ወር ብቻ ተለያየ። እናቲቱም ክርስትናው ካለፈ በኋላ ወደ ጾሟ ትመለሳለችና ሕፃኑ የሚጠባው ጡት ራሱ የጿሚ ጡት ነው፤ የንስሐ አባት ለምታጠባ ሴት ማቅለል ቢችልም፣ እንዲያቀልሉላት የምትጠይቀው ሁሏም አይደለችም።

የጾሙ ማድ በራሱ ድኻ ነው ማለት አይደለም። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ሽምብራው፣ ሱፉ፣ ሰሊጡ፣ ተልባው፣ ጎመኑ ሁሉ በዚህ ጊዜ በገፍ ይሠራል፤ ለአዋቂው ከፍስኩ ወራት ይልቅ የጾሙ ወራት በጥራጥሬና በቅጠላ ቅጠል የበለጸጉ ናቸው። ለሕፃኑም በርበሬው ሳይገባ አስቀድሞ ተቀንሶ ቢሰጠው፣ ጎመኑም ደቅቆ ዘይት ጠብ ቢደረግበት ብዙ ነገር ያገኛል። የሚጐድለው ከእንስሳት የሚገኘው ነው፤ ያንንም ጥራጥሬ ፈጽሞ አይተካውም።

በቅርብ ዓመታት በየአጥቢያው ያሉ ካህናት በስብከታቸውና በንስሐ ልጆቻቸው ቤት ይህን ማስተማር ጀምረዋል። የካህኑ ቃል በዚህ ጉዳይ ከሐኪሙ ቃል ይበልጥ ይሰማል፤ ሐኪሙ ስለ ሆድ ሲናገር ካህኑ የሚናገረው ሴቲቱን ስለሚያስፈራት ነገር ነውና። ሕፃኑ አይጾምም ማለት ግን አዲስ ነገር አልሆነባትም፤ ያን ቀድሞም ታውቀዋለች። የምትጠይቀው ስለ ዕቃው ነው። ለዚህም የተገኘው መልስ እጅግ ቀላል ነው። በአንዳንድ ቤቶች ለልጁ ብቻ የምትሆን ትንሽ የሸክላ ድስት ከአንዲት ማንኪያ ጋራ ትለያለች፤ በጾምም በፍስክም ሌላ ነገር አይሠራባትም። ልጁ ከበላ በኋላ ለብቻዋ ታጥባ፣ ከቤቱ ዕቃ ርቃ በመደቡ ጥግ ተደፍታ ታድራለች፤ የፋሲካ ዶሮ ሲሠራም ከቦታዋ አትነሣም።